«እኔ ስሞት አድርጊው» አለችኝ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ስሜ ይቆይልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናት። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ አካባቢ ተከራይተን ነው። ግቢው ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። በአንዱ እናቴ ትኖራለች። ሌላኛውን እኔ የሸክላ መሥሪያ አድርጌዋለሁ።

እንጀራዬ ይኼ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ተማሪዎች ይመጣሉ፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት አይበልጡም። የባንክ ሠራተኛ አለች፣ ሐኪም አለ፣ ከአሜሪካ ጠቅልላ የገባች አለች፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ጋር የምትማር እናት አለች። ጭቃውን ዓርብ ማታ አሽቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ አሳድራለሁ። ጀማሪዎቹ በእጅ እየጠቀለሉ ይሠራሉ። ትንሽ ሲለምዱ ዊሉ ላይ፣ ማለትም ጭቃው እየተሽከረከረ የሚቀረጽበት መሣሪያ ላይ፣ ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጭቃውን መሃል ማስያዝ እያቃታቸው ግድግዳውን በጭቃ ይረጩታል። አንድ ዊልና አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለችኝ። ዕቃ ገብቶ መብራት የጠፋ ዕለት የእኔን ፊት ማየት ነው። ገቢው ግን ክፉ አይደለም፤ ኪራዩን ይሸፍናል።

ችግሬ ከእናቴ ጋር ነው። እማዬ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ አያቴም እንደዚያው። የተወለድኩት ቀጨኔ ነው። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ እማዬ ሁሉንም ትታ ሰፈር ቀየረች፤ በርበሬና ቅመም መሸጥ ጀመረች። ምክንያቱን አልነገረችንም፤ እኔም ወንድሜም ግን እናውቀዋለን። ትምህርት ቤት «ቡዳ» ይሉን ነበር። አንዲት የክፍሌ ልጅ ምሳዋን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምትበላው። አዲሱ ሰፈር ከገባን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ሸክላ ተወርቶ አያውቅም።

ባለቤቴ ያውቃል። ቤተሰቦቹ አያውቁም። ተማሪዎቼ «የት ተማርሽው?» ሲሉኝ «ኮርስ ወስጄ፣ ከዩቲዩብም» እላለሁ። ኮርስ መውሰዴ እውነት ነው። ጭቃ መንካት የጀመርኩት ግን ገና አፌን ሳልፈታ ነው።

ተማሪዎች ሲመጡ እማዬ በሯን ትዘጋለች። «እኔ ከጭቃ ያወጣሁሽ፣ ገንዘብ ከፍለሽ ተመልሰሽ ገባሽበት» ትለኛለች። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለፈው ጥቅምት የሠራሁት ጀበና እጀታው የተጋጠመበት ቦታ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ተናድጄ ፌስታል ጣል አድርጌበት ተኛሁ፤ ጠዋት አፍርሼ ባልዲ ውስጥ ልከተው። ጠዋት ስገልጠው የእኔ እጀታ የለም። አዲስ ተቀጥሎለታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከመጋጠሚያው ሥር አውራ ጣት የተጫነበት ምልክት አለ። የእኔ ጣት አይደለም። ምንም አላልኳትም፤ እሷም ምንም አላለችኝም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ከተማሪዎቼ አንዱ የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀደም ብሎ ሲመጣ እማዬ ውጭ የሚደርቁትን ዕቃዎች ከፀሐይ ወደ ጥላ ስታዞር አገኛትና በስልኩ ቀረጻት። አያያዟን አይቶ ነቃ። ሲያፋጥጠኝ መዋሸት አቃተኝና ነገርኩት። «ሦስተኛ ትውልድ ሸክላ ሠሪ ብለን እንልቀቀው፤ እናትሽንም አስቀምጠን እናናግራቸው፤ ተማሪ በር ላይ ይሰለፍልሻል፣ ዋጋሽን እጥፍ ታደርጊዋለሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እማዬን ሳማክራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ስሞት አድርጊው» አለች። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

ወንድሜ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ዘር ማንዘር የሚቆጥሩ ናቸው ይባላል። ለእጮኛውም አልነገራትም። የቪዲዮውን ነገር ሲሰማ «ይኼን ካደረግሽ እህት አለኝ አልልም» ብሎ ጮኸብኝ። ባለቤቴ በበኩሉ «ቅዳሜና እሁድ ግቢው የእኛ አይደለም» እያለ ያጉረመርማል። ተማሪዎቹ ከትምህርቱ በኋላ ቡና እየጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆዩ እውነት አለው።

በየሳምንቱ «በእጃችሁ ሥራ አትፈሩ» እያልኩ አስተምራለሁ፤ እናቴን ደብቄ። አስመሳይ የሆንኩ ይመስለኛል። ቪዲዮው ይለቀቅ? ሠርጉ እስኪያልፍ ልጠብቅ? ወይስ ጭራሽ ሥራውን ልዝጋው?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ


መልሱ

ውድ እህቴ፣

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳውቅሽ። ደብዳቤሽን ያወጣሁት አሁን የምትኖሩበትን ሰፈርና ሌሎች ጥቂት ምልክቶችን ቀይሬ ነው። ስለ እናትሽ ገመና ስንመካከር እኛው አደባባይ እንዳናወጣው ብዬ።

ጥያቄዎችሽን ከመጨረሻው ልጀምር። ሥራውን አትዝጊ። ቪዲዮው ደግሞ አይለቀቅ። ሠርጉ ካለፈ በኋላም ቢሆን እናትሽ ራሳቸው ካላሉሽ አይለቀቅ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳሽ፤ ካልተዋጠልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።

የእናትሽ ፍርሃት የድሮ ሰው ሥጋት አይምሰልሽ። አንቺም ቀምሰሽዋል፤ ጀርባዋን ሰጥታሽ የበላችውን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሻትም። ይኼ እሳቸው ላይ ከደረሰው ትንሹ ይመስለኛል። «ቡዳ» የተባለ ሰው ሲመጣ ልጅ ይሸፈናል፣ ምግብ ይከደናል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም «ማን በላው?» ተብሎ ዓይን ወደ እነሱ ቤት ይዞራል። የታሰበ ጋብቻ ማንም ምክንያቱን ሳይናገር ይፈርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቁም ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ስድቡ ግን አንቺን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አግኝቶሻል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶችም ሸክላቸውን እየሸጡ ይኼንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ፣ ተሳዳቢው ሁሉ እንጀራውን የሚጋግረው እነሱ በሠሩት ምጣድ፣ ቡናውን የሚያፈላው እነሱ በሠሩት ጀበና መሆኑ ነው።

አሁን ተማሪዎችሽን አስቢያቸው። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ፣ ሽርጥ ያስራሉ፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ይሆናል፣ ይስቃሉ። ከዚያ ታጥበው ይሄዳሉ። ሰኞ ቢሮ ገብተው «ሸክላ እየተማርኩ ነው» ሲሉ ባልደረቦቻቸው «እኔንም ውሰጂኝ» ይሏቸዋል። እናትሽስ? እሳቸውም ይታጠቡ ነበር፤ ስሙ ግን አብሮ አልታጠበላቸውም። አንቺና ተማሪዎችሽ መርጣችሁ ነው የገባችሁት። እሳቸው ተወልደውበት ነው፤ ለመውጣት ደግሞ ሰፈራቸውን፣ ዘመዳቸውንና የሚያውቁትን ብቸኛ ሙያ መተው ነበረባቸው። ቅመም ሻጭ የሆኑት ቅመም ስለሚወዱ አይመስለኝም። ስለዚህ «ከጭቃ ያወጣሁሽ» ሲሉሽ የከፈሉትን ዋጋ እየነገሩሽ ነው።

ሙያው የአንቺም ነው። በልጅነትሽ አይተሽዋል፣ ካደግሽ በኋላም ለፍተሽበታል፤ ማንንም ሳታስፈቅጂ ልትሠሪውና ልታስተምሪው ትችያለሽ። እሳቸው ያሳለፉት ሕይወት ግን የእሳቸው ነው። መቼ እንደሚነገር፣ ለማን እንደሚነገር፣ ወይ ጨርሶ እንዳይነገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ያ ጎበዝ ተማሪሽ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አቀረበልሽና ግራ ገባሽ።

ደግሞ «ስሞት አድርጊው» ማለት ፈቃድ አይደለም። በአማርኛችን ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሠርጉ ካለፈ ነገሩ ይረሳል ብለሽም አታስቢ። እናትሽ ዕድር አላቸው፣ የቅመም ደንበኞች አሏቸው፣ አብረዋቸው የሚያስቀድሱ ሴቶች አሉ። ያ ሁሉ ስንት ዓመት የፈጀ ኑሮ ነው። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ሥር ምን ዓይነት ኮሜንት እንደሚጻፍ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከስልክ የወጣውን ማን ይመልሰዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ልጁ ሐሳቡን ሲያመጣልሽ ደስ ያለሽ ለምንድን ነው? ለተማሪው ብዛትና ለገንዘቡ ከሆነ ነውር የለውም፤ ኪራይ ይከፈላል፣ ልጅ ታድጋለች። ወይስ እናትሽ ካሜራ ፊት ተቀምጠው «ልጄ ጎበዝ ናት» ሲሉ ታይተውሽ ይሆን? ደብዳቤሽን ሳነበው ሁለተኛው ያመዝናል ብዬ ጠረጠርኩ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን እሱ ሌላ መንገድ አለው።

የገንዘቡ ነገር ቀላል ስለሆነ እሱን ልጨርሰው። የሰው ታሪክ ሳይሸጥም ገቢ ይጨምራል። ለጭቃውና ለማቃጠያው ለብቻው አስከፍዪ። የራሳቸው ምድጃ ለሌላቸው ሠሪዎች በኪራይ አቃጥይላቸው። ከገና በፊትና ከፋሲካ በፊት የተማሪዎችሽንና የአንቺን ሥራ የምትሸጪበት ቀን አዘጋጂ። ከሥራ በኋላ መምጣት የሚፈልጉ ካሉ በሳምንቱ መሃል አንድ የማታ ክፍል ክፈቺ። የእሁዱን ክፍል ወደዚያ ብታዛውሪው ባለቤትሽም ይመርቅሻል። ቡናውን ደግሞ ትምህርቱ መሃል ላይ አፍይው፤ መጨረሻ ላይ ከፈላማ ማን ይነሳል? ስድስት ሰዓት ላይ ዊሉ ይታጠባል፣ በሩ ይዘጋል። የእናትሽም በር ቀደም ብሎ ይከፈታል።

አሁን ወደዚያ ጀበና። አንድ ሰው በሥራሽ ቢያፍር ሌሊት ተነስቶ እጀታ አይቀጥልልሽም። የተሰነጠቀውን ማንሳት፣ ቦታውን መጫር፣ ማራስ፣ አዲሱን ማጣበቅ፣ እንዳይቸኩል በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፤ ይኼ በጨለማ ግቢ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። ዕቃ ሲበላሽ ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። ስለዚህ እናትሽ ሙያውን የጠሉት አይመስለኝም፤ ጥላቻቸው በዚያ ምክንያት ከደረሰባቸው ነገር ጋር ነው። ይኼን ግን «ለምን ቀጠልሽልኝ?» ብለሽ ፊት ለፊት አትጠይቂያቸው። እሳቸው ዝም ያሉት አውቀው ነው።

በሥራው በኩል ቅረቢያቸው። ተማሪ በማይመጣበት ቀን፣ ማክሰኞም ሆነ ረቡዕ፣ የሚያስቸግርሽን ዕቃ ይዘሽ እሳቸው ወዳሉበት ሂጂ። ወደ መሥሪያሽ አትጥሪያቸው። ጥያቄሽም ስለ ጭቃው ይሁን። ለምሳሌ የአንቺ ጀበና ከሰል ላይ ይጣዳል? በኤሌክትሪክ ምድጃ ከ1200 ዲግሪ በላይ ተቃጥሎ ግሌዝ፣ ያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ሽፋን፣ የለበሰ ዕቃ ለስኒና ለሳህን ሸጋ ነው፤ እሳት ላይ ሲጣድ ግን ይሰነጠቃል። እናቶቻችን የሚሠሩት ጀበና ግን ውሎ አዳሩ እሳት ላይ ነው። አንዱ ምክንያት ገል ወቅጠው፣ ነፍተው ከአፈሩ ጋር ስለሚለውሱት ነው፤ ገሉ ሙቀቱን እንዲችል ያደርገዋል። ገላጣ ቦታ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በቅጠል ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቃጠልም ጥቃቅን ቀዳዳው አይደፈንም። ጥቁረቱም ቀለም አይደለም፤ ገና እንደጋለ ቅጠል ወይም ገለባ ሲለብስ የሚጠጣው ጭስ ነው።

ይኼን እኔም አንብቤ አውቃለሁ። ማንም አንብቦ የማያገኘው ሌላ ነው። ስንት እጅ አፈር ለስንት እጅ ገል? አፈሩ ሲታሽ «በቃው» የሚባለው መቼ ነው? በክረምት ስንት ቀን ይደርቃል? የመስከረም ንፋስ አፉን እንዳይሰነጥቀው ምን ይደረጋል? ከእሳቱ የሚወጣበትን ሰዓት በምን ያውቁታል፣ በመልኩ ነው በድምፁ? ይኼ ሁሉ ከዩቲዩብ አይገኝም፤ ከመሥሪያሽ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጧል። «እማዬ፣ ይኼ ለምን ይሰነጠቅብኛል?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ።

ምናልባት ዕቃውን ተቀብለው ያገላብጡታል። ምናልባትም «እኔ ምን አውቄ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለተኛው ከሆነ አመስግነሽ ውጪ፤ አትጨቅጭቂያቸው። ከወር በኋላ ሌላ ዕቃ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስልክሽን ግን ቤት ትተሽ ሂጂ፤ ኪስሽ ውስጥም አይኑር። የነገሩሽንም በቀጣዩ ቅዳሜ ለክፍሉ «እናቴ እንዲህ አለችኝ» ብለሽ እንዳታወሪው። አንድ ቀን እጃቸውን ቢያስገቡ፣ የሠሩትም ቢሸጥ፣ ብሩ በእጃቸው ይግባ። ሙሉውን። «ለቤት አዋልኩት» የሚባል ነገር አይኑር። በዚያ ዘመን ገበያ ላይ ስንቱ ዋጋ እየሰበረባቸው እንደወሰደ አንቺም በልጅነትሽ አይተሻል።

«አስመሳይ ነኝ» ላልሽው ደግሞ፣ መዋሸትና ሁሉን መዘርገፍ ብቻ አይደሉም ያሉሽ ምርጫዎች። «የት ተማርሽው?» ሲሉሽ «በልጅነቴ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ በኋላ ደግሞ ኮርስ ወሰድኩ» ማለት ትችያለሽ። እውነት ነው፤ ስምም አይጠራም። የበለጠ ከጠየቁ «እሱ የቤታችን ወሬ ነው» በያቸውና ሳቂ፤ ጨዋ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ችግሩ እናትሽ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ተማሪ ደግሞ አንድና አንድ መደመር ይችላል። ስለዚህ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳን ከመናገርሽ በፊት አስፈቅጂያቸው። «ለተማሪዎቼ እንዲህ ብል ቅር ይልሻል?» ብለሽ። እምቢ ካሉ ኮርሱ ይበቃል። አስተማሪ የቤተሰቡን ታሪክ ለተማሪ የመናገር ዕዳ የለበትም።

ተማሪዎችሽ የዚህን ሙያ ባለቤቶች እንዲያውቁ ከፈለግሽም መንገድ አለ። ቀጨኔ ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ በስማቸው፣ በግልጽ፣ ኮርተውበት የሚሸጡም አሉባቸው። ፈቃደኛ የሆኑትን አነጋግረሽ፣ የሚገባቸውን ከፍለሽ ተማሪዎችሽን ወደ እነሱ ልትወስጂ ትችያለሽ። «ቡዳ» የሚለው ቃል ምን እንዳደረገ የመናገር ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ሲናገሩት ይሰማል። ግን ይኼንንም ለእናትሽ ሳትነግሪ እንዳታደርጊው። እዚያ የሚያውቅሽ ሰው አይጠፋም፤ «የእከሊት ልጅ አይደለሽም?» ያለሽ ዕለት ምን እንደምትመልሺ አስቀድመሽ አስቢ።

የወንድምሽ ነገር ይከብዳል። ጮኸብሽ፤ ፈርቶ ነው። አፉ ያመጣለትን ስለተናገረ አትያዥበት። እዚህ ላይ የእናትሽ ታሪክ የእሱም የዘር ሐረግ ስለሆነ ነገሩ ከቪዲዮው ይለያል። ለዓለም መለጠፍና አብራው ልትኖር ለተዘጋጀች አንዲት ሴት መንገር አንድ አይደሉም። ሆኖም የሚነግራት እሱ ነው፤ አንቺ በእሱ ቦታ ሆነሽ እንዳትነግሪያት። ለብቻችሁ ስትሆኑ ግን ጠይቂው። ሽማግሌ ከሄደ በኋላ የልጅቷ ወገን ማጣራቱ ይቀራል ወይ? ከሰው አፍ ስትሰማውና ከእሱ ስትሰማው እኩል ይሆናል ወይ? የሚፈራው እሷን ነው ወይስ አባቷን? አባቷን ከሆነ፣ እሷ ከጎኑ ብትሆን አይቀለውም?

እኔን ብትጠይቂኝ ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ ለልጅቷ፣ ለእሷ ብቻ፣ ቢነግራት እመርጣለሁ። ለቤተሰቧ ምን ይባል የሚለውን ከዚያ በኋላ ሁለቱ ይመክሩበታል። ትታው ብትሄድስ? ያማል። ልጅ ከተወለደ በኋላ «ደብቀኸኝ» ከመባል ግን ይሻላል። ከመንገሩ በፊት ታዲያ እናቱ ይወቁ። ባይስማሙ እንኳን ከልጃቸው አፍ ይስሙት፤ ዱብ ዕዳ አይሁንባቸው። ይኼ ሁሉ የእኔ ሚዛን ነው፤ የልጅቷንም የቤተሰቧንም ጠባይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የባለቤትሽ ቤተሰቦችም አያውቁም ብለሻል። ወንድምሽ ፊት መካሪ ሆነሽ ስትቀመጪ ይኼን ሊያነሳብሽ ይችላል፤ ቢያነሳም ልክ ነው። እሱ ሳይቀድምሽ «እኔም ለአማቶቼ አልነገርኩም፤ እኔም እፈራለሁ» ብለሽ ብትጀምሪ ጩኸቱ የሚበርድ ይመስለኛል። ያን ዕለት ሁለታችሁ ትምህርት ቤት ስለደረሰባችሁ ነገር ብታወሩም ጥሩ ነው። አንድ ቤት አድጋችሁ አውርታችሁበት የምታውቁ አልመሰለኝም።

እግረ መንገዴን፣ መሥሪያሽ ከእናትሽ ክፍል ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ይኼን ልበልሽ። የደረቀ ጭቃ በመጥረጊያ አይጠረግም። ብናኙ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል። ወለሉንም ጠረጴዛውንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። ሽርጥሽን እዚያው አውልቂው፤ ልጅሽን በእሱ ላይ እንዳታቅፊያት። ምድጃው ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ ልጅሽም እናትሽም አጠገቡ አይቀመጡ። የጭቃ ውኃም ወደ ቧንቧ አይደፋ። ባልዲ ውስጥ ይዘቅጥ፣ ከላይ የጠራው ይደፋ፣ ከታች የቀረው መልሶ ይታሻል። ይኼን ታውቂው ይሆናል፤ ስድስት ተማሪ ሲረባረብ ግን መረሳቱ አይቀርም።

የዛሬ ሥራሽ አንድ ነው። ለዚያ ልጅ ደውዪለት። ክፉ ልጅ አይመስለኝም፤ ግን አንዲትን እናት ሳያስፈቅድ ቀርጿል። እንዲህ በይው፦ «የእናቴን ቪዲዮ እንድታጠፋው እፈልጋለሁ፤ ለሌላ ሰው ልከኸው ከሆነም ንገረኝ። የነገርኩህን ነገር ከአንተ አይለፍ። ከእንግዲህ እጅና ዕቃ ካልሆነ በቀር ግቢው ውስጥ ቀረጻ የለም።» አታለሳልሺው፤ ደንቡም ለሁሉም ተማሪ ይሁን። «አጥፍቼዋለሁ» ሲልሽ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያቸው። «ቪዲዮውን አስጠፍቼዋለሁ እማዬ፣ አይለቀቅም» በቂ ነው፤ ማብራሪያም ይቅርታም አትደርድሪ። እስካሁን ማታ ማታ «ዛሬ ለቅቃው ይሆን?» እያሉ ተጨንቀው ይሆናል።

ከፋሲካ በኋላ የወንድምሽ ነገር ከምን እንደደረሰ ጻፊልኝ።